ለእግዚአብሔር ብለን አንዋሽ

ወገኖች፣ አንድ ስብከት አለ፤ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሰባኪው በስክሪኑ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቢራቢሮ ያሳያል። ሞርፎ ይባላል፤ አገሩ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው። «ይህን ሰማያዊ አያችሁት? በክንፉ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም የለችም!» ይላል። ጉባኤው ይደነቃል። እስከዚህ ድረስ የተነገረው እውነት ነው። ከዚያ ድምፁ ከፍ ይላል፦ «የዓለም ሳይንቲስቶች ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ ላቦራቶሪያቸውን ዘርግተው ይህን አንድ ክንፍ መምሰል አልቻሉም! የእኛ አምላክ ግን በቃሉ አደረገው!» እልልታው ይቀልጣል። ቪዲዮው በማግስቱ ተቆርጦ በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይሻገራል።

የምንቃወመው «አልቻሉም» የምትለዋን አንዲት ቃል ነው። በፈጣሪነቱ ላይ ጥያቄ የለንም፤ ሰማይንና ምድርን የሠራ፣ ቢራቢሮውንም የሠራ እርሱ ነው ብለን እናምናለን። «አልቻሉም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። ሐሰት በመድረክ ላይ፣ በጌታ ስም፣ በእልልታ ታጅቦ ስለተነገረ እውነት አይሆንም።

ኢዮብ ወዳጆቹን በምዕራፍ 13 ከቁጥር 7 ጀምሮ የጠየቃቸውን እናስታውስ። ለእግዚአብሔር ለመከራከር ብለው ሐሰት ይናገሩ እንደ ሆነ ነው የጠየቃቸው። እነዚያ ሰዎች ተሳዳቢዎች አልነበሩም፤ የእግዚአብሔር ጠበቆች ነበሩ። ይሁን እንጂ በምዕራፍ 42 ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነዚያው ጠበቆች ላይ ነው። ይህ ክፍል ስለ ክርስቶስ ጥብቅና ለምንቆም ሁሉ ሊያስፈራን ይገባል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ከሥሩ እናስረዳ። አብዛኛው የምናየው ቀለም ከማቅለሚያ የሚመጣ ነው። የእርድ ቢጫነት፣ የቅጠል አረንጓዴነት፣ የበርበሬ ቅላት እንዲህ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ከነጩ ብርሃን አንዳንዱን ይውጥና የተረፈው ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ሌላ ዓይነት ቀለም ደግሞ አለ። የሳሙና አረፋ ላይ የሚዋኘውን ቀስተ ደመና አስቡት። ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ የተንጠባጠበ ናፍጣ የሚያሳየውን አስቡት። የርግብን አንገት አስቡት፤ አንገቷን ዘወር ስታደርግ አረንጓዴው ወይን ጠጅ ይሆናል። በእነዚህ ቦታ ቀለሙን የሚያወጣው ንጥረ ነገሩ ሳይሆን የቅርጹ ልክ ነው። እጅግ ስስ ከሆኑ ንብርብሮች ተመልሰው የሚመጡ የብርሃን ሞገዶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ሞገድ ከሌላው ጋር ተደምሮ ይጎላል፣ ሌላው እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። የትኛው ቀለም እንደሚጎላ የሚወስነው የንብርብሩ ውፍረትና ርቀት ነው። ይህ መዋቅራዊ ቀለም ይባላል።

ልኩ የሚነገረው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የሰው ጠጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል። የሰማያዊ ብርሃን ሞገድ ርዝመት ግን 450 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብርሃንን እንዲህ ለማጫወት ቅርጹም በዚያ መጠን መሠራት አለበት።

የሞርፎ ክንፍ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ መስመር መስመር ሆነው የወጡ ጠርዞች አሉ፤ ጠርዙ ከጎን ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የገና ዛፍ ይመስላል፤ ቅርንጫፎቹ እንደ መደርደሪያ አንዱ ከአንዱ በላይ ተዘርግተዋል። ሰማያዊውን የሚመልሱት እነዚያ መደርደሪያዎች ናቸው። ከሥር ያለው ጥቁር ሜላኒን የተረፈውን ብርሃን ይውጠዋል፤ ባይውጠው ኖሮ ሰማያዊው ይገረጣ ነበር። በክንፉ ላይ አልኮል ቢንጠባጠብ በመደርደሪያዎቹ መካከል የነበረው አየር በፈሳሽ ይተካና ክንፉ አረንጓዴ ይሆናል፤ አልኮሉ ሲተን ሰማያዊው ይመለሳል። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ገና በ1665 የጣዎስን ላባ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ላባው በውሃ ሲርስ ቀለሙ እንደሚጠፋ ጽፏል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ አዲስ ምሥጢር አይደለም ማለት ነው።

አሁን «አልቻሉም» ወደሚለው እንምጣ። ለዚህ ከወሎ የተሻለ መነሻ የለንም። በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የአካባቢው ሰዎች ገደሉን በእጃቸው እየቆፈሩ ያወጡታል። ድንጋዩን ስታገላብጡት አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ እሳት በውስጡ ይንቀሳቀሳል። በውስጡ ግን አረንጓዴም ቀይም ማቅለሚያ የለም። ኦፓል ማለት ሲሊካ ነው፤ አሸዋና መስታወት ከተሠሩበት ከዚያው ነገር፣ ውሃ ተጨምሮበት። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1964 የአገራቸውን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት እኩል መጠን ያላቸው ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች በጉሊት እንደ ተደረደረ ብርቱካን ተደርድረው አገኙ። የአንዱ ኳስ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ይሆናል። ቀለሙ የድርድሩ ነው። የወሎው ኦፓል በአፈጣጠሩ ከአውስትራሊያው ይለያል፤ ብዙው ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ፈዝዞ እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ሲደርቅ እሳቱ ይመለስለታል። ልክ እንደ ቢራቢሮው ክንፍና አልኮሉ።

ሽቶበርና ባልደረቦቹ በ1968 ባሳተሙት ዘዴ አልኮል፣ ውሃ፣ አሞኒያና አንድ የሲሊኮን ውህድ ሲቀላቀሉ እኩል መጠን ያላቸው የሲሊካ ኳሶች በብርጭቆ ውስጥ ይፈጠራሉ። መጠኑን በውህዱ ልክ መቆጣጠር ይቻላል። ኳሶቹ ቀስ ብለው እንዲሰፍሩና እንዲደርቁ ከተተዉ ራሳቸውን ይደረድራሉ፤ ነጭ ወተት የመሰለው ፈሳሽ ሲደርቅ ቀለም ያወጣል። ፒየር ዢልሶን የተባለው ፈረንሳዊ በሰው እጅ የተሠራ ኦፓል ለገበያ ያቀረበው በ1974 ነው። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ማለት ነው! አንዳንዱ ሰባኪያችን ሳይወለድ «አልቻሉም» የተባለው ነገር በጌጣጌጥ ሱቅ ይሸጥ ነበር።

«እሱማ ድንጋይ ነው፤ እኛ ያልነው ክንፍ ነው» የሚል ይኖራል። እሺ። የጃፓኑ ተይጂን ኩባንያ የሞርፎን ክንፍ ተከትሎ ሞርፎቴክስ የተባለ ክር ሠርቷል፤ ናይለንና ፖሊስተር በ61 ንብርብር ተደራርበው ያለ ምንም ማቅለሚያ ሰማያዊ ይሆናሉ። ምርቱ በኋላ ቆሟል፤ መሠራቱ ግን ተሠርቷል። በ2017 ደግሞ የአሜሪካና የቤልጂየም ተመራማሪዎች ከወፍ ላባ ተምረው፣ ውስጣቸው ሜላኒን ላያቸው ሲሊካ የሆኑ ናኖ ቅንጣቶችን ሠሩ። ሜላኒን የቆዳችንን ጥቁረት የሚሰጠው ያው ነገር ነው። ቅንጣቶቹን በትንንሽ ኳሶች አጭቀው፣ መጠናቸውን በመቀያየር ብቻ የተለያዩ ደማቅ ቀለሞች አወጡ። በ2023 የማዕከላዊ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቢራቢሮ ተምረው ከጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ቀለም ሠሩ። በእነርሱ ስሌት አንድ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ለመቀባት 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል፤ በተለመደው ቀለም ግን ቢያንስ 450 ኪሎ ግራም ገደማ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር፤ ከአገራችን ጋር ስለሚገናኝ። ፖሊያ ኮንደንሳታ የምትባል ተክል በአፍሪካ ደኖች፣ በኢትዮጵያም ጭምር ትበቅላለች። ፍሬዋ ትንሽ፣ ክብ፣ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነው። ለመብል አይሆንም፤ ከደረቀ ፍሬ ሌላ ለወፍ የምትሰጠው ነገር የላትም። ነገር ግን የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከኪው የእጽዋት ተቋም ሰዎች ጋር በ2012 እንዳሳዩት፣ እስከዚያ ከተመዘገቡት የሕያዋን ቀለሞች ሁሉ ብርሃንን አጉልቶ የሚመልስ ይህ ፍሬ ነበር። ቀለሙ ከሴሉሎስ የተሠራ ነው፤ ማለትም የነጠላችን ጥጥ ከተሠራበት ነገር። የሴሉሎሱ ጭረቶች ንብርብር በንብርብር ትንሽ ትንሽ እየዞሩ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተሠርተዋል። ማቅለሚያ ስለሌለው የሚለቅ ነገርም የለውም፤ ተለቅሞ ለአሥርተ ዓመታት በመደርደሪያ የተቀመጠ ፍሬ ዛሬም ያበራል። ከዚያው ከካምብሪጅ የወጡ ተመራማሪዎች በ2021 ከሴሉሎስ ናኖ ቅንጣት በፕላስቲክ ብልጭልጭ ፋንታ የሚሆን ብልጭልጭ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል።

እውነቱን ሁሉ እንናገር ካልን፣ ገና ያልተፈታም አለ። እንደ ርግብ አንገት የሚቀያየር ቀለም ለግድግዳ አይሆንም፤ ቤት ቀቢው ጠዋት ሰማያዊ ብሎት ማታ አረንጓዴ ሆኖ ቢያገኘው ደንበኛው አይከፍለውም። ከየትም አቅጣጫ ሲታይ አንድ ዓይነት የሚሆነውን ለማግኘት ቅንጣቶቹ እንደ ኦፓል በሥርዓት ሳይሆን በመጠኑ ተዘበራርቀው መቀመጥ አለባቸው፤ አንዳንድ ሰማያዊ ወፎች ላባቸው እንዲህ ነው። በዚህ መንገድ ሰማያዊ በቀላሉ ይገኛል። ጥርት ያለ ቀይ ግን አስቸጋሪ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ቀዩ ወይን ጠጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንዱ «እሰይ! ይኸው ቀይ አልቻሉም!» እንዳይል። በ2014 የታተመ ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ወፎቹም በዚህ መንገድ ቀይ አያወጡም። ከየትም አቅጣጫ ሲታይ የማይቀያየረው የወፎች ቀይ ላባ ቀይ የሚሆነው በማቅለሚያ ነው። ላቦራቶሪውን ያገደው ሕግ ላባውንም አግዶታል። ሕጉ የማን ነው? የሳይንቲስቱ ድክመት ብለን ልንዘብትበት የነበረው ነገር ፈጣሪ ለብርሃን የሰጠው ልክ ሆኖ ተገኘ። «አልቻሉም» በሚል መሠረት ላይ መሠዊያ መሥራት እንዲህ ያዋርዳል።

ይህን ሁሉ የምንለው ለእውቀት ብቻ አይደለም። ሰው እየጠፋብን ነው። በገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ኬሚስትሪ ይመደባል። አንድ ቀን በቤተ ሙከራ ውስጥ መምህሩ ነጭ ፈሳሽ በመስታወት ላይ አፍስሶ እንዲደርቅ ይተወዋል። ልጁ ዓይኑ እያየ አረንጓዴው ከመስታወቱ ላይ ይነሣል። የሚወደው መጋቢ ግን ይህ ሊሆን እንደማይችል፣ አለመቻሉም የእግዚአብሔር ማስረጃ እንደ ሆነ በመድረክ ነግሮታል። ያ ልጅ ምን ያድርግ? መጋቢው ስለ ቢራቢሮ ተሳስቷል ብሎ ብቻ ቢያልፍ ደግ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ይጠይቃል፦ በዓይኔ ላረጋግጠው በምችለው ነገር ካልታመነ፣ ላረጋግጠው በማልችለው በመቃብሩ ነገር ለምን አምነዋለሁ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጌታ ራሱ ለኒቆዲሞስ በዮሐንስ 3፥12 ያለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ምድራዊው ነገር ካልታመነ ሰማያዊው እንዴት ይታመናል የሚል ነው። ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው፣ ስለ ወፍጮ ድንጋይም የተናገረውን እናውቃለን። ያንን ቃል ለዘፋኝና ለመጠጥ ሻጭ ብቻ ማን ሰጠው?

አንዳንድ አገልጋዮች ይህን ሲሰሙ መከራከሪያቸውን ይለውጣሉ፦ «መልካም፣ ቻሉ። ግን ለመቅዳት ይህን ያህል ምሁር ካስፈለገ፣ ዋናው ደግሞ ስንት ጥበብ ያስፈልገዋል!» ይህ የተሻለ ነው፤ ውሸት የለበትም፤ በአድናቆት ልክ ሲነገር እኛም አሜን እንላለን። ችግሩ እንደ ሒሳብ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። የወሎው ኦፓል ተመልሶ ይመጣልና። በደላንታ ገደል ውስጥ ማንም ቆሞ ቅንጣቶቹን አልደረደረም። ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲሊካ አሟሟ፣ በስንጥቁ ውስጥ አስቀመጠው፣ ቅንጣቶቹ እንደ ባሕርያቸው ሰፈሩ። «ሥርዓት ባለበት ሁሉ በእጅ የደረደረ አለ» ብለን የተከራከርነው ሰው ኦፓሉን ይዞ ቢመጣ ምን ልንለው ነው?

የምንለው አለን፤ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚነሣው። ዳዊት በመዝሙር 139 በእናቱ ማኅፀን የሠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይመሰክራል። በጉባኤያችን ያለችው አዋላጅ ነርስ ጽንሱ ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደሚያድግ አሳምራ ታውቃለች። ይህን ማወቋ መዝሙሩን ከመዘመር ከልክሏት ያውቃል? በመዝሙር 104 ሣርን ለእንስሳ የሚያበቅለው እርሱ ነው። ገበሬ አባቶቻችን ዘርና ዝናብ ሣር እንደሚያበቅል ያውቁ ነበር፤ ማታ ግን ያመሰገኑት እርሱን ነው። መንገዱ መታወቁ የሠራውን አያሰናብተውም። ቆላስይስ 1፥17 ሁሉ በክርስቶስ ተያይዞ እንደ ቆመ ያስተምረናል። «ሁሉ» ሲል ሳይንስ ያልደረሰበትን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የደረሰበትንም ጭምር ነው። በገደሉ ውስጥ የሰፈረው ሲሊካም፣ በብርጭቆ ውስጥ የሰፈረው ሲሊካም በእርሱ ነው የሰፈረው። እግዚአብሔርን ባልታወቀው ክፍተት ብቻ ካኖርነው፣ አንድ ጥናት በታተመ ቁጥር የምናስለቅቀው ተከራይ እናደርገዋለን።

በነገራችን ላይ፣ የፖሊያን ፍሬ የመረመሩት የፊዚክስ ሰዎች የሠሩበት የካምብሪጁ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ በበሩ ላይ የተቀረጸ ጥቅስ ነበረው፤ መዝሙር 111 ቁጥር 2። የእግዚአብሔር ሥራ ታላቅ እንደ ሆነና የሚወዱት ሰዎች እንደሚመረምሩት የሚናገረው ክፍል ነው። በድሮው ሕንጻ በር ላይ በላቲን ተቀርጾ ነበር፤ ቤተ ሙከራው በ1970ዎቹ ቦታ ሲቀይር በአዲሱ በር ላይ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። የመጀመሪያው ኃላፊ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል አማኝ ክርስቲያን ነበር፤ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በሒሳብ ያሳየውም እርሱ ነው። ዛሬ የቢራቢሮን ክንፍ ለመምሰል የሚሰላው ስሌት ሁሉ የእርሱን ቀመሮች ይጠቀማል። «ሳይንስ ሲገባ እምነት ይወጣል» የሚሉን ወገኖች በዚያ በር ስር ማለፍ አለባቸው። ለእነርሱ ያለን መልስ አጭር ነው፦ ቀለሙ እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት አንድ ጥያቄ ነው፤ ብርሃን ለምን ኖረ፣ ለምንስ ሕግ አለው፣ ውበትስ ለምን ልባችንን ይነካል የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የመለሰ ሁለተኛውን እንደ መለሰ ቢቆጥር፣ እርሱም እንደ ሰባኪያችን ከማስረጃው አልፎ ተናግሯል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ወገን ነው፤ ይህን ሥራ «የባቢሎን ግንብ» የሚለው። «ሰው ፈጣሪን ሊፎካከር ናኖ ቅንጣት እየሠራ ነው» ይባላል። ወገኖች፣ ዘጸአት 31ን እናንብብ። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ለመስበክ አልነበረም። ወርቅን፣ ብርን፣ ናስን ለመሥራት፣ ድንጋይ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ ነበር። የድንኳኑ መጋረጃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቀይ እንዲሆን ያዘዘ እግዚአብሔር ነው፤ ቀለሙን ያወጡት ደግሞ የሰው እጆች ናቸው። ሰሎሞን በ1ኛ ነገሥት 4፥33 ስለ ዛፎች፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ወፎችና ስለሚሳቡ ነገሮች ይናገር እንደ ነበር የተጻፈው እንደ ነቀፋ ሳይሆን የተሰጠው ጥበብ መግለጫ ሆኖ ነው። ጌታችንም የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት ሲነግረን ልብሳቸውን ከሰሎሞን ክብር ጋር አወዳድሮ ነው። ተመልከቱ የተባለን ሕዝብ በማይክሮስኮፕ ያየውን ሰው ለምን እንወቅሳለን?

ሥራውስ ለጎረቤት ፍቅር የሚሆን አይደለም? ጨርቅ ማቅለም ብዙ ውሃ የሚበላ፣ ብዙ ፍሳሽ የሚያወጣ ሙያ ነው። አዲስ አበባን አቋርጦ የሚወርደው አቃቂ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ሲሸከም ዘመናት አልፈውታል፤ በዚያ ውሃ የሚለማውን አትክልት ደግሞ የከተማው ሰው ይበላል። ያለ መርዛማ ማቅለሚያ፣ ከሲሊካና ከሴሉሎስ ቀለም ለማውጣት የሚደክም ክርስቲያን ወጣት ቢነሣ የሚገባው ጸሎታችን ነው። ያ ማለት ግን «ናኖ» የሚል ስም ያለበት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለምግብ ማንጫ ይገባ የነበረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ከምግብ ውስጥ ታግዷል፤ አንዱ ስጋት በውስጡ ያሉት ናኖ ቅንጣቶች ነበሩ። አማኙ ሳይንቲስት «ከወንዙ በታች ማን ይጠጣል?» ብሎ የሚጠይቅ መሆን አለበት። ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅ ማሳደግ የእኛ ድርሻ ነው፤ በባቢሎን ስም ካባረርነው ማን ይጠይቅልናል?

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ እናንሣ፤ በመዝሙር መካከል በሚነገሩ ማበረታቻዎች የምንሰማው ነው። «ሌላው ቀለም የራሱ አለው፤ ቢራቢሮው ግን ብርሃን ካልመታው ምንም ነው፤ እኛም ያለ ክርስቶስ እንዲሁ ነን» ይባላል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥18 አለን። ምሳሌው ግን አይሠራም። ብርሃን ከሌለ የትኛውም ቀለም የለም። መብራት ሲጠፋ የሀበሻ ቀሚሳችን ጥለትም አይታይም፤ ጥለቱ ደግሞ በማቅለሚያ የተነከረ ነው። ለእውነተኛ ትምህርት የተሳሳተ ምሳሌ ምን ያደርግለታል? ይልቅ ከመስበካችን በፊት በጉባኤያችን ያለውን የፊዚክስ መምህር አሥር ደቂቃ ብንጠይቀው ምን አለ? በየአጥቢያው እንዲህ ያሉ ቅዱሳን አሉ፤ ወንበር ሲደረደርና ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ እንጠራቸዋለን።

«ምን አለበት፣ ሰው ወደ ጌታ ካመጣ?» የሚለን ይኖራል። ይህን መከራከሪያ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥2 ዘግቶታል፤ የሚያሳፍረውን ስውር ነገር እንደ ተወ፣ በተንኮል እንደማይመላለስ፣ እውነትን በመግለጥ ለሰው ሁሉ ሕሊና ራሱን እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሕሊና ይላል። እልልታ አላለም።

ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ ይህን የምታነቡ፣ ለእናንተ ደግሞ ይህን እንላለን። በቢራቢሮ ምክንያት እመኑ አንላችሁም። ሮሜ 1፥20 ፍጥረት የእግዚአብሔርን ኃይልና አምላክነት እንደሚያሳይ ይናገራል፤ እናምነዋለን። የርግቧ አንገት ሲበራ ቆም ብላችሁ ካያችሁ፣ ያ የተነካው ልባችሁ አልተሳሳተም። ፍጥረት ግን ስለ ኃጢአታችሁ ይቅርታ አይነግራችሁም፤ የሞርፎ ክንፍ ስለ መስቀል የሚያውቀው ነገር የለም። ጳውሎስ በአቴና፣ በሐዋርያት ሥራ 17፣ ከፍጥረት ጀምሮ ተናገረ፤ ያረፈው ግን ከሙታን በተነሣው ሰው ላይ ነው። እግዚአብሔር ለሁሉ ማስረጃ አድርጎ የሰጠው ያንን ነው። አንዳንዶች ዘበቱበት፣ አንዳንዶች ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አሉት፣ ጥቂቶች አመኑ። እኛም የምንጋብዛችሁ ወደዚያ ክርክር ነው። ወንጌላቱን አንብቡ፣ መቃብሩ ባዶ የሆነበትን ታሪክ መርምሩ፣ ምስክሮቹን እንደ ዳኛ ጠይቁ። ጥያቄያችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ የኬሚስትሪውንም ጭምር።